አሥራ አንደኛው ተጫዋች

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሳሪስና የቃሊቲ ፋብሪካዎች፣ ጋራዦችና መጋዘኖች ሠራተኞቻቸውን ሲለቁ የደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኙ በሰው ይሞላል። ሥራ ያደከመው ሰው አካሄዱ አንድ ዓይነት ነው፤ ትከሻው ወደ ፊት አዘንበል ብሎ፣ ባዶ የምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ፣ ዓይኑ ታክሲ ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድ ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ የቶርኖ ሠራተኛ ከሰልፉ ይለይና በሳሪስ አቦ በኩል ወደ ውስጥ በሚያስገባው መንገድ ይታጠፋል። ወደ ቤቱ አይደለም፤ ቤቱ ከዚያ አልፎ ነው። አስቀድሞ የሚገባው በቆርቆሮ ከተሠራች፣ መስኮቷ በጥቁር ጨርቅ ከተጋረደች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በበሩ ላይ በቀለም የተጻፈው ጽሑፍ ከፊሉ ለቅቆ «ፕሌይስቴ» የሚለው ብቻ ይነበባል።

በውስጧ አራት ቴሌቪዥን፣ አራት የመጫወቻ መሣሪያና ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበር አለ። የክፍሏ ሕግ በግድግዳ ላይ አልተጻፈም፤ ሆኖም ከብዙ የተጻፈ ሕግ ይበልጥ ይከበራል። የተሸነፈ ይከፍላል፤ ያሸነፈ ይቀጥላል፤ ጆይስቲክ የወረወረ ለዚያ ቀን ይወጣል። ጨዋታው ሳያልቅ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ሒሳቡ ለሁለት ይካፈላል። ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ የደነገገችው ልጆቹ «እትዬ» የሚሏት የቤቱ ባለቤት ስትሆን፣ ከመደንገጉ በፊት ስንት ጠብ እንደ ተነሣ እርሷ ብቻ ታውቃለች። ሰውዬው ሲገባ ልጆቹ ተጠጋግተው ቦታ ይለቁለታል። አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አምስት ለባዶ አሸንፎት ሲያበቃ ደግሞ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ጋሼ፣ ይክፈሉ እንግዲህ» ይለዋል። አክብሮቱም ሙሉ ነው፤ ድሉም ሙሉ ነው። በዚህ ከተማ ውስጥ ልጅና ዐዋቂ በዚህ ዓይነት እኩል የሚቀመጡበት ስፍራ ስንት እንዳለ ሰውዬው አልፎ አልፎ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ከአንድ እጅ ጣቶች አያልፍለትም።

ጨዋታን የተማረው ግን ከዚህች ክፍል አይደለም። በልጅነቱ በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ኳስ ሠርቷል። ከሱቅ ደጃፍ በቆመ ጆተኒ ላይ፣ በብረት ዘንግ የተሰኩትን የእንጨት ሰዎች እያሽከረከረ፣ የዳቦ መግዣ ሳንቲሙን ተበልቷል። ሶኒ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን በጃፓን ገበያ ያዋለው በኅዳር 1987 ዓ.ም. ነበር፤ ሁለተኛው በየካቲት 1992 ዓ.ም. ተከተለ። ዕቃው በብዙ እጅ አልፎ፣ በብዙ ሻንጣ ተሸሽጎ ሳሪስ አቦ ሲደርስና ይህች ክፍል በ1995 ዓ.ም. ስትከፈት ልጁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። ያን ዕለት የገረመው የሥዕሉ ማማር አልነበረም። በጆተኒው ላይ የእንጨቱ ሰው ከተሰካበት ዘንግ ፈቀቅ አይልም፤ እዚህ ግን አውራ ጣት ወደ ፈቀደችበት ሁሉ ይሮጣል፤ ይወድቃል፤ ይነሣል። እናቱ «ከዚያ ቤት ውስጥ ምን አለ?» ብለው ሲጠይቁት «ዘንጉ የለም» አላቸው። ምን ለማለት እንደ ፈለገ አልገባቸውም።

የሠፈሩ ሰው ስለዚህች ክፍል ያለው አስተያየት መልካም ሆኖ አያውቅም። በየጊዜውም በትምህርት ቤት አካባቢ ያሉ መሰል ቤቶች ሲታሸጉ ያጨበጨበ ወላጅ ብዙ ነው። ከነቃፊዎቹ አንዱ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። አንድ ቀን በመንገድ አስቁመው፣ «አንተ ልጅ፣ ይህን ያህል ጊዜ በመጽሐፍ ላይ ብታውለው የት በደረስህ!» አሉት። እርሱም «ጋሼ፣ እርስዎስ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳማ ይጫወቱ የለም እንዴ?» ሲል መለሰ። መምህሩ ሊቆጡ ቃጥቷቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከተግሣጽ ወደ ትምህርት ተለወጠ፤ ስለ ሰንጠረዥ አወሩት።

ሰንጠረዥ በቀይ ጨርቅ ላይ መሥመር ተሰምሮ የሚጫወቱት የአገራችን ጥንታዊ የንጉሥና የሠራዊት ጨዋታ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ ይወዱ እንደ ነበረ መዝግቧል። ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1963 ዓ.ም. ሕጉንና ታሪኩን ሰብስበው አሳትመዋል። በሌላው ዓለም ካለው ቼዝ የሚለየው ዋናው ነገር ወረራ የሚባለው መክፈቻው ነው። በወረራ ጊዜ ተራ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እጅ በእጅ ላይ እየተላለፈ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪማረክ ድረስ ሠራዊታቸውን እንደ ፈቀዱ ያሰልፋሉ። ተመልካቹም ዝም አይልም፤ ይመክራል፤ ይጮኻል። ድሉ ራሱ ማዕርግ አለው፤ በኃይለኛ ጠጠር ንጉሥን መያዝ እንደ ጥበብ አይቆጠርም፤ በደካማው እግረኛ የያዘ ግን ይመሰገናል። ሰውዬው ይህን ሲሰማ፣ «ተራ የለም? ተመልካቹ ይጮኻል? ታዲያ ጋሼ፣ ይኸ እኮ የእትዬ ቤት ነው!» አለ። መምህሩ እስከ ዛሬ ወደዚያች ክፍል አልገቡም። ነገር ግን ሲያልፉ በጥቁሩ መጋረጃ በኩል ቆም ብለው ጩኸቱን የሚያዳምጡበት ጊዜ አለ።

ሌላው ሰውዬው የሚያሰላስለው ነገር ስለ ሠሪዎቹ ነው። በቶርኖ ላይ የሚውል ሰው አንድ ዕቃ ሲያይ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን ሠራው? በምን ሠራው?» ብሎ ነው። ቴትሪስ የተባለውን፣ ቅርጾች ከላይ እየወረዱ የሚደረደሩበትን ጨዋታ በ1976 ዓ.ም. ሞስኮ ውስጥ የሠራው አሌክሴይ ፓጂትኖቭ የሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ ሠራተኛ ነበረ። ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለችው መሣሪያው ሥዕል ማሳየት ስለማትችል ቅርጾቹን በጽሑፍ ቅንፍ ገጣጥሟቸዋል። ሰውዬው ይህን ከሰማ ወዲህ ስለ መሣሪያ ማነስ የሚያማርር የሥራ ባልደረባ ሲያገኝ ቅንፎቹን ያነሣበታል። ባልደረቦቹ ሰልችቷቸዋል።

ስለ ጉዳቱ ሲነሣ ራሱን አያድንም። በ1998 ዓ.ም. የማታ ተማሪ ሳለ የሒሳብ ፈተና በተሰጠበት ምሽት እርሱ በዚች ክፍል ውስጥ የውድድር ፍጻሜ ላይ ነበር። አሸነፈ። ሽልማቱ አንድ ሣጥን ለስላሳ ነበር፤ ያን ፈተና ዳግመኛ አልተቀመጠም። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2011 ዓ.ም. ባጸደቀውና እ.ኤ.አ. ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ በጨዋታ መጠመድ እንደ ሕመም ሰፍሯል። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ ሰው ጨዋታውን መቈጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ኑሮው ሁሉ ሲያስቀድመው፣ ጉዳት እያየም ሲቀጥልበት፤ ይኸውም እንደ ደንቡ ዓመት ያህል ሲቆይ ነው። ይህን በሬድዮ የሰማ ዕለት በጣቶቹ ቆጠረ። በ1998 ዓ.ም. ሦስቱም ነበሩበት። ዛሬ አንዱም የለም፤ ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ ይነሣል። ይሁን እንጂ ያን የሒሳብ ፈተና ባሰበ ቁጥር ጆይስቲኩ በእጁ ላይ ይከብደዋል።

እንግዲህ ወደ ቡድኑ እንምጣ፤ የዚህ ሰው ነገር ያለ ቡድኑ አይገባምና።

በዚያን ዘመን በክፍሏ የነገሠው ጨዋታ ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራው፣ በአንዳንዱ አገር «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር»፣ በጃፓን ደግሞ «ዊኒንግ ኢሌቨን» የሚባለው ነበር። የኋለኛው ስም «አሸናፊው አሥራ አንድ» እንደ ማለት ነው። በውስጡ የአውሮፓ ክለቦችና የብዙ አገሮች ብሔራዊ ቡድኖች ተደርድረዋል። በጥር 1954 ዓ.ም. የተባበረችውን የዓረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ያስቀረች አገር ግን በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም። ስለ ሳሪስ አቦማ ማን ሊያነሣ! ዛሬ ነገሩ ጥቂት ተሻሽሏል፤ ቅኔ የተባለ የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ» ብሎ ለእጅ ስልክ ባዘጋጀው ጨዋታ የምትሮጠው የእኛው ዶሮ ናት፤ ገበጣንም በስልክ ላይ አውጥቷል። በ1999 ዓ.ም. ግን ራሱን በመስኮቱ ውስጥ ማየት የፈለገ ወጣት ራሱ መሥራት ነበረበት።

ጨዋታው ለዚህ የሚሆን አንድ በር ነበረው። አዲስ ተጫዋች መፍጠር፣ ስም፣ ቁመት፣ የጠጉር ዓይነት፣ የሚመታበትን እግርና ችሎታውን ከ99 በማይበልጥ ነጥብ መወሰን ይቻል ነበር። የተሠራውም ሁሉ 8 ሜጋባይት በምትይዝ፣ ከክብሪት ሣጥን በማትበልጥ ሜሞሪ ካርድ ላይ ይቀመጣል። ወጣቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየከፈለ ተቀምጦ በካልሲ ኳስ አብረውት ያደጉትን የሠፈሩን ልጆች አንድ በአንድ አስገባቸው። ስሞቹን በላቲን ፊደል መጻፍ ግድ ሆነ፤ «ጠ» እና «ተ»፣ «ቀ» እና «ከ» ተደባለቁ፤ ግማሹ ልጅ ስሙን አይቶ አላወቀውም።

ከፊደሉ ይልቅ ያስቸገረው ነጥቡ ነበር። ለወዳጅህ ስንት ትሰጣለህ? ሁሉንም 99 ማድረግ ይቻል ነበር፤ ሌሎች ሠፈሮች እንዲያ አድርገዋል፤ ቡድናቸው ሁሉን አሸንፎ በሳምንቱ ተሰልችቷል። ይህ ወጣት ግን ያየውን ጻፈ። ለበረኛው 61 ሰጠው። በረኛው፣ የአናጢው ልጅ፣ ዝርዝሩን አይቶ ተቆጣ። «ስድሳ አንድ? እኔ?» አለ። «በቃሊቲ ሜዳ ላይ በእግርህ መካከል ያለፈችውን ረሳሃት?» አለው። ሁለት ወር አልተነጋገሩም። ይህ ጠብ ለሥዕል፣ ለቲያትርም ሆነ ለልብ ወለድ ሰዎች እንግዳ አይደለም፤ ሰውን እንደ ሆነው አድርጎ በመሳልና እንደሚፈልገው አድርጎ በመሳል መካከል ያለው ጠብ ነው። በኋላ የታረቁት ያ የ61 በረኛ በመጨረሻው ደቂቃ ቅጣት ምት ይዞ ቡድኑን ባዳነበት ምሽት ነው። 99 ቢሆን ኖሮ ማንም አይጮኽም ነበር።

ከአሥራ አንዱ ሁሉ ከፍተኛ ፍጥነት የተሰጠው የግራ ክንፉ ነበር፤ 94። ማንም አልተከራከረም። ይህ ልጅ በእውነተኛው ሜዳ ላይ ሲሮጥ ያዩት ሁሉ ቁጥሩ እንዲያውም አንሷል አሉ። አሥራ አንድ ቁጥር ለበሰ። ጎል ባገባ ጊዜ የጨዋታው እንግሊዛዊ ተራኪ ስሙን አያውቅምና አይጠራውም ነበር፤ ሮናልዶን፣ ሄንሪን የሚጠራ አፍ እዚህ ላይ ሲደርስ ይዘጋል። ዝምታውን የሚሞላው አግዳሚው ወንበር ነበር፤ ሃያ ልጅ በአንድ ድምፅ ስሙን ይጠራል፤ እርሱም ራሱ ከመካከላቸው ተቀምጦ እየሣቀ ፊቱን በእጁ ይሸፍናል።

ከመስቀል በኋላ በ2000 ዓ.ም. የግራ ክንፉ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወደ ሞያሌ ወረደ። አሳቡ ብዙ የኢትዮጵያ ወጣት በተከተለው ጎዳና በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ መግባት ነበር። ከናይሮቢ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲህ አልተሰማም። ጓደኞቹም አልተሰሙም። በእትዬ ቤት ግን በየምሽቱ በግራ መሥመር ላይ ይሮጥ ነበር፤ ልጆቹም ስሙን መጥራታቸውን አልተዉም። ጩኸቱ ግን ለወጥ አለ፤ እንደ ድሮው ሣቅ የለበትም።

በ2001 ዓ.ም. ክረምት ከተማው መብራት በፈረቃ ያገኝ ነበር። ወጣቱ ፈረቃውን በቃሉ አጥንቶ ነበርና ተማመነ። አንድ ምሽት ጨዋታው አልቆ መሣሪያው በካርዷ ላይ እየጻፈ ሳለ፣ «እንዳታጠፉ» የሚለው ማስጠንቀቂያ በመስኮቱ ላይ እንደ ተጻፈ፣ ሁሉም ጨለመ። በማግሥቱ ሲከፍቱት ካርዷ ባዶ ነበረች። አሥራ አንዱም የሉም። አንድ ትንሽ ልጅ «ሞቱ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ፤ እትዬ «አፍህን ዝጋ!» ብላ ገሠጸችው፤ ድምፅዋ ከነገሩ በላይ ከፍ ብሎ ነበር።

ወጣቱ እንደገና መሥራት ጀመረ። አሥሩ አላስቸገሩትም፤ አሥሩ በሠፈር ውስጥ ይሄዳሉ፤ በረኛውም ሳይጠየቅ «በ61 ይሁን» አለ። አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ። ቁመቱ ስንት ነበር? ጠጉሩስ ከፊት ነው ወይስ ከጎን ከፍ የሚለው? ሦስት ዓመት ያልሞላው መለያየት ፊቱን አደብዝዞታል። በካርዷ ውስጥ ስለ ነበረ፣ በልቡ ለመያዝ ሳይጨነቅ እንደ ቀረ ያን ጊዜ ገባው። ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

እናቲቱ ዘንድ ሄደ። «እማማ፣ ፎቶግራፉን ፈልጌ ነበር» አላቸው። ሴትዮዋ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ወሬ ተገኘ እንዴ ልጄ?» ይህን ጥያቄ አስቀድሞ አለማሰቡ አንገቱን አስደፋው። አልተገኘም አለ፤ ምክንያቱንም እየተንተባተበ አስረዳ። ሴትዮዋ ጥቂት ዝም ብለው ከሣጥን ውስጥ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶግራፍ አወጡ። «ቁመቱን ከዚህ አታገኘውም» አሉት፤ ከዚያም ወደ በሩ ወስደው፣ «ሲገባ ይህን ጉበን ላለመምታት አንገቱን እንዲህ ሰበር ያደርግ ነበር» ብለው አሳዩት። ያን ጊዜም የቶርኖ ሠራተኛ ነበርና ሜትሩ ከኪሱ አይጠፋም። ጉበኑን ለካ። 179 ሴንቲሜትር ነበር። «ብዙ ነበር የሚሰብረው?» ብሎ ጠየቀ። «ትንሽ» አሉ። 181 ብሎ ጻፈ።

ጥቅምት 5 ቀን 2002 ዓ.ም. የአቦ ንግሥ ዕለት ነበር። ታቦቱ ከገባ በኋላ ሴትዮዋ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል መጡ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ በእትዬ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ልጆቹ ሁሉ ተነሥተው ቆሙ።

«የትኛው ነው?»

«ያ፣ በግራ በኩል ያለው፤ አሥራ አንድ ቁጥር።»

አሥር ደቂቃ በሚፈጀው ጨዋታ ዓይናቸውን ከመስኮቱ አላነሡም። ኳስን አልተከተሉም፤ እርሱን ብቻ ተከተሉ። «ለምን ዳር ዳሩን ይሄዳል?» አሉ። «ቦታው ነው እማማ።» ጎል አላገባም። በጨዋታው ሰዓት ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ፣ መሣሪያው እንደ ሁሉም ተጫዋቾች ሩጫውን ቀነሰበት።

«ደከመው» አሉ።

«ሊያልቅ ነው እማማ፣ ትንሽ ቀረው።»

«ደከመው እኮ ልጄ። አታሳርፈውም?»

ጨዋታውን አቁሞ ቀየረው። አሥራ አንድ ቁጥር ቀስ ብሎ ከሜዳው ወጣ። ሴትዮዋ «እሰይ» ብለው ተነሡና ሄዱ። የቀረውን ደቂቃ ማንም በትክክል አልተጫወተውም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከተማው የገባበት ቀላል ባቡር በደብረ ዘይት መንገድ ላይ አልፎ ቃሊቲ ደረሰ። የሁለተኛው ፕሌይስቴሽን ምርት በ2005 ዓ.ም. ተቋረጠ፤ ኮናሚም እ.ኤ.አ. በ2021 የቀድሞውን ስም ትቶ ጨዋታውን በሌላ ስም በኢንተርኔት ላይ አዋለው። የእትዬ ሦስቱ መሣሪያዎች አዲሶች ናቸው። አራተኛው፣ በጥግ ያለው፣ አሮጌው ነው። የሲዲ ማስገቢያው ጥርስ በተሰበረ ጊዜ ሰውዬው ከቶርኖ ቤቱ ትርፍራፊ ናስ ሌላ ሞርዶ ገጠመለት። ካርዷንም በሁለት አድርጓታል፤ አንዷ በእትዬ መሳቢያ፣ አንዷ በእርሱ ኪስ ትኖራለች። ዓመት ዓመት በአቦ ንግሥ ቀን ያቺ እናት በመንገድ ላይ ሲያገኙት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። «ተቀምጧል?» ይላሉ። «ተቀምጧል እማማ» ይላል።

አዲሶቹ ልጆች ይህን አያውቁም። ያ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ሰሞኑን አሮጌው መሣሪያ ላይ አሸንፎት ሲያበቃ የተቀያሪዎቹን ዝርዝር ከፍቶ ተመለከተ። «ጋሼ፣ 94 ፍጥነት ያለውን ሰው ወንበር ላይ ያስቀምጣሉ? ለዚህ እኮ ነው የሚሸነፉት!» አለው። ሰውዬው ከኪሱ ብር አውጥቶ ከፈለ፤ የምሳ ዕቃውንም አንሥቶ ወጣ።